ከጎማው ኋላ የቀሩት ድንጋዮች

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አማረ ከነሚስቱ ከቸርች ተመልሶ የጋራዡን በር ወደ ላይ ሲገፋው፣ አምስት ዓመት በገዛ እጁ የሠራት መኪና የለችም። በቦታዋ የቀረው የአራት ጎማ ምልክትና አንድ የዘይት መቀበያ ትሪ ነው። መጀመሪያ የሰው ጋራዥ የከፈተ መሰለውና ወጥቶ የቤቱን ቁጥር አየ። ቁጥሩ የራሱ ነው። ያን ጊዜ ስልኩን አወጣ።

መርማሪ ሠርካለም ወልደ ሥላሴ ቢከን ሂል ሰፈር፣ አማረ ቤት የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በሲያትል ፖሊስ የመኪና ስርቆት ክፍል ውስጥ አማርኛ የምትችለው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ባልደረቦቿ ሊያነቡት ያቃታቸው ስም የሰፈረበት ወረቀት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጠረጴዛዋ ላይ ያርፋል። እሷም አትጠላውም። በራስ መተማመን ሲታደል ሁለቴ የተሰለፈች ሴት ናት። በሥራ ዘመኗ ሳታገኛቸው የቀሩት መኪኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሁለቱንም የሰሌዳ ቁጥር በቃሏ ትወጣዋለች፤ አንድ ቀን አገኛቸዋለሁ ብላም ታምናለች።

"ማን ነው ኮል ያደረገው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለች የአማረ ሚስት ማዕረግ፣ የቸርች ልብሷን ሳትቀይር በረንዳው ላይ እንደቆመች። "እሱማ ፖሊስ መጥራቱን ትቶ ጋሽ ገብረሕይወት ጋ ሊደውል ሲሮጥ ስልኩን የነጠቅኩት እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸውን ነው!"

"ጋሽ ገብረሕይወት ማናቸው?"

"ሞተሯን የሠሩልኝ ናቸው" አለ አማረ። አማረ በሆቴል ሚኒባስ እንግዳ የሚያመላልስ፣ አርባ አምስት ዓመት የሆነው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ያለ ፋታ ያወራል። "አዲስ አበባ የአውቶቡስ ጋራዥ ኃላፊ ነበሩ። አሁን ሾርላይን ናቸው። መኪናዋ የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ካማሮ ናት፣ እህቴ። ስገዛት ውስጧ ሣር በቅሎባት ነበር፣ እውነቴን ነው። ቦዲዋን እኔ፣ ሞተሯን እሳቸው፣ ኤሌክትሪኳን ሙላቱ፣ ወንበሯን ዱሬሳ። ኡርጌሳ ደግሞ እያንዳንዷን ቡሎን በቤንዚን አጠበ።"

"ኦኬ። ሌባው አስነስቶ ነው የነዳት?"

አማረ በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል ፈገግ ለማለት ቃጣው። "ሊያስነሳት አይችልም። ተነስታ አታውቅም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ጋራዥ የሚሰበሰቡት አምስት ሰዎች አሮጌ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና እየፈቱ ካልገጠሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ናቸው። አንድ ሞተር ሲያልቅ ኮፈኑ ተዘግቶ ነጭ ቴፕ ይለጠፍበታል፤ አምስቱም ይፈርሙበታል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱም ቢሆን አይነካውም። በቀጠሮው ቅዳሜ ሁሉም ባሉበት ቴፑ ይቆረጣል፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ሞተሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሳል። ደንቡን ያወጡት ጋሽ ገብረሕይወት ናቸው። የአማረ መኪና የታሸገችው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ ቀጠሮዋ ለመጪው ቅዳሜ ነበር።

"ስለዚህ በተጎታች ጭነው ነው የወሰዷት" አለች ሠርካለም። ጎንበስ ብላ የበሩን ቁልፍ አየችው። ጭረት እንኳ የለበትም። "የዚህ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?"

"እኔ ጋና ኡርጌሳ ጋ። ምድር ቤታችንን ተከራይቶ ነው የሚኖረው።" አማረ ይህን ብሎ ወደ ምድር ቤቱ በር ዞረ። የተናገረውን ራሱም ገና መስማቱ ነበር።

ሠርካለም አማረን መደርደሪያ በመደርደሪያ አስቆጠረችው። ደረት የሚደርሰው የመፍቻ ሣጥን አለ። ገና ከካርቶን ያልወጡት አብረቅራቂ ቸርኬዎች አሉ። ሬዲዮውም አለ። የጠፉት ሦስት አሮጌ ብርድ ልብሶች፣ አንድ ቱቦ ግራጫ ማጣበቂያና አንዲት ጓርኒሲዮን ናቸው፤ ጓርኒሲዮኗ በሞተሩ ሁለት ብረቶች መካከል ገብታ ዘይት እንዳይወጣ የምታግድ፣ ከካርቶን የማትወፍር ማሸጊያ ናት።

"ቸኩሎ ነው፣ ያገኘውን አፈሰ" አለ ባልደረባዋ ሃልቮርሰን። ጡረታ ለመውጣት አሥር ወር የቀረው ረጅም ሰውዬ ነው፤ ነገር ቶሎ ሲያልቅለት ደስ ይለዋል።

"የቸኮለ ሌባ የሰረቀውን በብርድ ልብስ አይሸፍንም" አለችው። "ይሄኛው እንዳትጫርበት ሰግቷል።"

ከጋራዡ ኋላ ያለው ጠባብ መንገድ ቁልቁል ነው። እዚያ መሐል መንገዱ ላይ ሁለት ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ ከማዕረግ የአበባ መደብ ዳር የተነሡ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በመኪና ጎማ ልክ ተራርቀው። ሃልቮርሰን አንዱን በእግሩ ወደ ዳር ሊገፋው ሲል ሠርካለም ክንዱን ያዘችው።

"እንዳትነካው!"

"ድንጋይ ነው እኮ።"

"ታኮ ነው። እኛ አገር ሾፌር ቁልቁለት ላይ ሲቆም ፍሬኑን አያምንም። ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያደርጋል። የዚህ አገር ሌባ ድንጋይ ፍለጋ አበባ መደብ ውስጥ አይገባም።" ወደ አማረ ዞረች። "ከእናንተ መካከል ከባድ መኪና የነዳ አለ?"

አማረ ድንጋዮቹን አየ።

"ኡርጌሳ" አለ። "በጅቡቲ መንገድ ሰባት ዓመት ተሳቢ ነድቷል።"

*

መንገድ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ጥርጣሬውን አጠናከሩት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተጎታች የሚስብ ነጭ ፒካፕ አይተዋል። አንድ ረጅም ጥቁር ወጣት ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲያደርግም አይተዋል። ሾፌሩን አላዩትም። ቤት የሚቀይሩ ሰዎች መስለዋቸው ወደ ጓዳቸው ገቡ።

ኡርጌሳ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሠርካለም ምድር ቤቱ ውስጥ ጠበቀችው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አልጋው ራስጌ የሚስቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዓመት ከስምንት ወሩ ሲሆን፣ ኤርፖርት አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል።

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ሥራ።"

"ሥራ ቦታህ ደወልኩ። ሽፍት ቀይረህ የገባኸው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።"

ኡርጌሳ እጆቹን አያቸው።

"መኪናዋን ሰርቀሃል?"

"አልሰረቅኩም።" ይህን ሲል ቀና ብሎ ዓይኗን አያት።

"ድንጋዮቹንስ ያደረግከው አንተ ነህ?" ዝም አለ። "ፒካፑን የነዳው ማን ነው?" አሁንም ዝም።

"ስማኝ፣ ኡርጌሳ። ግሪን ካርድህ ገና እርጥብ ነው። ስርቆት ከተፈረደብህ እሱ ይሄዳል። ለሚስትህ ያስገባኸውም ማመልከቻ አብሮት ይሄዳል። ይገባሃል?"

"ይገባኛል።" ወደ ሚስቱ ፎቶግራፍ አየ። "ግን የምለው የለኝም። አይቆጡኝ፣ እህት ሠርካለም።"

በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የዚህ ሰው ዝምታ ግን ራሱን እስር ቤት ሊያስገባው ነው። ሠርካለም ሌባ ታውቃለች። ሌባ ሲጠየቅ ያወራል፣ ይምላል፣ የአክስቱን ሕመም ያነሣል። ኡርጌሳ አንዲት ውሸት ሞከረ፣ እሷም አልሆነችለትም። የሚደብቀው ነገር አለ፤ የሰረቀው ነገር ግን ያለው አልመሰላትም። አዘነችለትም።

ፎቅ ላይ አማረ በተራው ፈነዳ። "ከቤቴ ይውጣልኝ! ወንድሜ ብዬ ቁልፍ የሰጠሁት ሰው! ፊቱን ማየት አልፈልግም!"

ኡርጌሳ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሲወጣ የሁለቱንም በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነው።

"ለእኔ አልቋል" አለ ሃልቮርሰን መኪና ውስጥ። "ቁልፍ፣ ድንጋይ፣ ምስክር፣ ውሸት። ማክሰኞ ማታ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕጉ እሰጣለሁ።"

"እስከ ማክሰኞ ታገሠኝ። ጓርኒሲዮኗ አልገባችኝም።"

"የምን ጓርኒሲዮን?"

"እሱን ነው የምልህ።"

*

ሰኞ ረፋድ ላይ ዱሬሳንና ሙላቱን ከዝርዝሯ ሰረዘቻቸው። ሁለቱም ቅዳሜና እሑድን ፖርትላንድ የመኪና ትርዒት ላይ ነው ያሳለፉት፤ ከሌላ ሰው ሞተር ጋር የተነሱት ፎቶ ከሠርግ ፎቶ ይበልጣል። አማረ ጠላት እንዳለው ስትጠይቅ ግን ሁለቱም አንድ ስም ጠሩላት።

ፊሊጶስ ሬድመንድ ከተማ ባለ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ነው የሚሠራው። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ካፍቴሪያው በር ላይ ተቀበላት።

"ስሜን ማን እንደሰጠሽ አትንገሪኝ። ሁሉም ነው አይደል?"

"ሁሉም ነው። አምና ከእነሱ ጋር ነበርክ። ለምን ወጣህ?"

"ለአንዲት ቡሎን።" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልራቀም። "ዘይት የሚፈስባትን ቡሎን ሳላጠብቃት ቀረሁ። ሃይዌይ ላይ ስወጣ ዘይቱ ሙልጭ አለ። ሞተሩ ሞተ። ይሄ ማንም ላይ ይደርሳል፣ ራይት? ጋሽ ገብረሕይወት ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቆሙኝ። 'ሞተር ይቅርታ አያውቅም። አንተ ኮምፒውተርህን ነካካ፣ ከመኪና ግን ራቅ' አሉኝ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሠርካለም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማሸግ የሚባለውንም ደንብ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደኔ ዓይነቱ በመጨረሻ ሰዓት እንዳይነካካ።"

"ስለዚህ የእሳቸውን ሞተር መስረቅ..."

"ሐሳቡ ደስ ይላል" አለ ፊሊጶስ ሳያፍር። "ግን ቅዳሜም እሑድም እዚህ ነበርኩ። ዛሬ የሚለቀቅ ፕሮግራም ነበረን። ባጄን ቼክ አድርጊ።"

ቼክ አደረገች። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገብቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቷል። ምሳ እንኳ የበላው ከስድስት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ነው።

"እንድትሰረቅባቸው ግን አልፈልግም" አለ ሲለያዩ። "እንደ እሳቸው ሞተር የሚገጥም ሰው አላየሁም። መናገሩ ያመኛል።"

*

ሾርላይን ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ጋሽ ገብረሕይወት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አጠር ያሉ፣ እጀ ሰፊ ሰው ናቸው። እንግዳ የሚቀበሉት ጋራዣቸው ውስጥ እንደሆነ፣ ለዚያም ከአሮጌ መኪና የነቀሉት ወንበር እንዳላቸው ለሠርካለም ሁሉም ነግረዋታል። እሷን ግን በነጭ ሸሚዝ፣ ሳሎን ነው የተቀበሏት። ሻይ ቀረበ።

"አማረ እንዴት ነው?" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሣም።"

"ተጎድቷል፣ ጋሽ ገብረሕይወት። እርስዎ ማንን ይጠረጥራሉ?"

"ማንንም አልጠረጥርም፣ ልጄ። መኪናዋ ትመለሳለች።"

"እንዴት አወቁ?"

"ምን ያደርግባታል? ሁሉም የሚያውቃት መኪና ናት።" የሻይ ብርጭቆውን አነሡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተፈትጎ ታጥቧል፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ብቻ ቀጭን ግራጫ መስመር ቀርቷል። የመካኒክ ጥፍር መቼም ጠርቶ አያውቅም ብላ አለፈችው።

ስለ ሞተሩ ጠየቀቻቸው፤ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እየጠሩ አስረዷት። ስለ ማሸጉ ጠየቀቻቸው፤ ስለዚያ ግን ቶሎ ጨረሱ። ስትነሣ እስከ በሩ ሸኟትና "እግዚአብሔር ይርዳሽ" አሏት። እሷም ከወገቧ ጎንበስ ብላ ወጣች።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሃልቮርሰን የእሷን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አማረ፣ ቸርች። ዱሬሳና ሙላቱ፣ ፖርትላንድ። ፊሊጶስ፣ ሥራ። የሁሉንም እሑድ ጠዋት ጽፈሻል፤ አንተ እንኳ የት ነበርክ ብትይኝ አይገርመኝም ነበር። የዚህ ሰውዬ መስመር ለምን ባዶ ሆነ?"

ጣቱ ያረፈው ጋሽ ገብረሕይወት ስም ላይ ነው።

"ሽማግሌ ናቸው" አለች ሠርካለም።

አለችና የገዛ መልሷን ሰማችው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውን ሁሉ፣ ቄስ ሳይቀር፣ የት ነበርክ ብላ ጠይቃለች። እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ሻይ ቀርቦላት፣ አንቱ ብላ፣ ልጄ ተብላ፣ የት ነበሩ የሚለው ጥያቄ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። አባቷ ያሳደጓት እንደዚያ ነው። በራሷ ተናደደች።

ስልኩን አንሥታ ሬድመንድ ደወለች።

"ፊሊጶስ፣ አንድ ጥያቄ። ሞተሩ አልቋል፣ ተነስቶ አያውቅም። አንድ ሰው ጓርኒሲዮንና ግራጫ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ጓርኒሲዮኗ ይቺ ናት።" ከአማረ ዝርዝር ላይ ቁጥሩን አነበበችለት። "ይሄ ሰው ምን እያደረገ ነው?"

"እሷ የሞተሩ የፊት ክዳን ናት። ያልተነሳ ሞተር ፊቱ አይከፈትም፤ ምን ይሠራልሻል? ሊከፈት የሚችለው..." ፊሊጶስ ቆመ።

"ሊከፈት የሚችለው መቼ ነው?"

"ውስጡ የተረሳ ነገር ሲኖር ብቻ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሠርካለም፣ ያንን ፊት የዘጋው አንድ ሰው ነው። ሌላ ሰው አያስነኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል?" አለ ፊሊጶስ ቀስ ብሎ። "ለምንድን ነው ደስ ያላለኝ?"

*

በዚህኛው የሾርላይን ጉዞ ሻይ አልጠጣችም።

"ጋሽ ገብረሕይወት፣ ትናንት መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ ልጠይቅ። እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?"

ሽማግሌው ተነሥተው የጋራዡን በር ከፈቱት። የወይራ ቅጠል የመሰለችው ካማሮ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሳ ቆማለች።

"ቅዳሜ ጠዋት ነው" አሉ። "ባለቤቴ ሽርጤን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ይቺን አገኘች።" ከሸሚዛቸው ኪስ የጣት ጫፍ የምታህል የብረት ታፖ አወጡ። "የዘይቱን መንገድ የምትደፍን ናት። ሞተሩ ውስጥ መሆን ነበረባት። ሳትገባ ቢነሣ ዘይቱ ያልቅና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብረት ከብረት ይበላላል፤ የአማረ አምስት ዓመት እዚያው ያበቃል። አርባ ስምንት ዓመት ሞተር ገጥሜአለሁ፣ ልጄ። ሲያልቅ አያምር ማለት እኔ ነኝ።"

"ለአማረ ለምን አልነገሩትም?"

"ታሽጓል እኮ! ቴፑን ለመቁረጥ ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ፊሊጶስን ለአንዲት ቡሎን ያን ያህል ያዋረድኩ ሰው፣ በየትኛው አፌ ነው ታፖ ረሳሁ የምለው? ደንቡንም ያወጣሁት እኔው ነኝ።" የመኪናዋን ኮፈን በመዳፋቸው ነኩት። "የጎረቤቴን ፒካፕና ተጎታች ተዋስኩ። አማረ መኪናዋን ሲያጣ መጀመሪያ እኔ ጋ ይደውላል፤ እኔ ጋ ናት፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ እለዋለሁ ብዬ ነበር። ማዕረግ ትቀድመዋለች ብዬ አላሰብኩም። ፖሊስ ገባበት ሲባል ደግሞ አፌ ተያዘ። ዛሬ ማታ ልመልሳት ነበር፤ አዲስ ታፖ ገጥሜ፣ ቴፑንም እንደነበረ መልሼ ጨርሻለሁ።"

"ኡርጌሳስ?"

"ኡርጌሳ በር ከፈተልኝ፣ ድንጋዩን አደረገልኝ። ለማንም አትናገር፣ ቃልህን ስጠኝ አልኩት። እዚህ አገር ሲገባ ማንም አልነበረው፤ አራት ወር እዚህ ቤት ነው የተኛው። እንቢ አይለኝም።"

"ቃሉን ጠብቋል" አለች ሠርካለም። "አማረ ከቤቱ አባሮታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ባልደረባዬ የክስ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕጉ ይሰጣል። ግሪን ካርዱንም ሚስቱንም ሊያጣ ነው። አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር።"

ጋሽ ገብረሕይወት ፊታቸው አመድ መሰለ። እንባቸው ሳይታሰብ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

"አላወቅኩም" አሉ። "በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅኩም።" ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አነሡ። "ተነሺ፣ ባልደረባሽ ጋ ውሰጂኝ።"

*

ሃልቮርሰን ሽማግሌውን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። "የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ ወስደዋል፤ ልጁም ረድቷል" አለ በመጨረሻ። "ይህ ስርቆት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አሁን የሚነግረኝ ባለቤቱ ብቻ ነው።"

ሠርካለም ለአማረ ደውላ ነገሩን ከሥሩ ነገረችው።

"ቅዳሜ ያምጧት" አለ። "ቅዳሜ እነግራችኋለሁ።" ዘጋው።

ሃልቮርሰን ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ አልቆለፈበትም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቢከን ሂል ተገኙ። ካማሮዋ ከተጎታቹ ወርዳ በአማረ ቤት ዳገታማ መግቢያ ላይ ቆመች። ዱሬሳና ሙላቱ በሹክሹክታ ያወራሉ። ፊሊጶስ ከአንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቷል። ኡርጌሳ ከአጥሩ ውጭ ቀርቷል፤ ግባ ያለው ሰው የለም። አማረ እጆቹን ኪሱ ከትቶ በረንዳው ላይ ቆሟል።

ሠርካለም በፕላስቲክ ከረጢት ያመጣቻቸውን ሁለቱን የማስረጃ ድንጋዮች በማዕረግ የአበባ መደብ ዳር አወረደቻቸው።

"እነዚህ ናቸው?" አሉ ጋሽ ገብረሕይወት።

"እነዚህ ናቸው።"

ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ትልቁን ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉት። ግቢው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሰባ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ለልጆቹ እኩዮች ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም ማንም አይቶ አያውቅም። ዱሬሳ ሊከለክላቸው ወደ ፊት ተራመደ፤ በዓይናቸው መለሱት።

"ምንድን ነው የሚያደርጉት? ቅጣት ነው?" አለ ሃልቮርሰን በጆሮዋ።

"ማመልከቻ ነው" አለች ሠርካለም። "ዝም ብለህ እይ።"

መጀመሪያ የሄዱት ፊሊጶስ ጋ ነው። "ለአንዲት ቡሎን አዋረድኩህ። እኔ ታፖ ረሳሁ። ይቅር በለኝ።" ፊሊጶስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥለው በአጥሩ በኩል ለኡርጌሳ ጎንበስ አሉ። "በአንተ ቃል የራሴን ስም ሸሸግሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።" ከዚያ በረንዳው ሥር መጥተው ቆሙ። ድንጋዩ ከብዷቸው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል።

አማረ አልተንቀሳቀሰም። "ሞተሬን ከፈቱት?"

"ከፈትኩት።"

"መልሰው ዘጉት?"

"አዲስ ታፖ ገዝቼ ዘጋሁት።"

"አሁንስ የረሱት ነገር እንደሌለ በምን አውቃለሁ?"

ጋሽ ገብረሕይወት በአንድ እጃቸው ድንጋዩን ደግፈው በሌላው ከኪሳቸው መፍቻ አወጡ። "ፊሊጶስ ከፍቶ ይየው" አሉ። "እሱ አልቋል ካለ አልቋል።"

ፊሊጶስ መፍቻውን ተቀብሎ ወደ መኪናዋ ቀረበ።

"አማረ!" አለች ማዕረግ ከኋላው። "ይቅርታ የማያውቀው ሞተር ነው እንጂ አንተ አይደለህም! ሰውዬው ሊወድቁ ነው እኮ!"

አማረ እጆቹን ከኪሱ አወጣ። ደረጃውን ወረደ። በሽማግሌው ግን አልቆመም፤ አልፏቸው አጥሩ ጋ ሄደና ለኡርጌሳ ሁለቱን ቁልፎች ዘረጋለት። "ሳልጠይቅህ አባረርኩህ" አለ። የአጥሩን በር ከፈተ። "ግባ፣ ወንድሜ። ቤትህ ነው።" ከዚያ ወደ ሃልቮርሰን ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየረገጠ ተናገረ። "መኪናዬ አልተሰረቀችም። ለጥገና ሄዳ ነው።"

ሃልቮርሰን ብዕሩን አወጣ። "ለጥገና" ብሎ ጻፈና ፋይሉን ዘጋው።

ኡርጌሳ ቁልፎቹን ይዞ ገባ። ቀጥ ብሎ ጋሽ ገብረሕይወት ጋ ሄደ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው ላይ አነሣው። ግንባራቸውን ሳማቸው። ድንጋዩን የት እንደሚያደርገው ዙሪያውን አየና መኪናዋ የቆመችበትን ዳገት ልብ አለው። ከካማሮዋ የኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠው፣ በእግሩም መታ መታ አድርጎ አጠበቀው።

"አሁን ፊሊጶስ ይያት" አለ። "ከዚያ እናስነሳታለን። የትም አትሄድም።"